ስምንተኛው ዕጣ

ድራፍት የሚለውን ቃል አገራችን የምታውቀው በብርጭቆ ነው። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ እምድብር እናቴ ቤት ሰንብቼ ሳለሁ፣ ማታ ማታ ክፍሌን ዘግቼ ምን እንደምሠራ ብትጠይቀኝ «ድራፍት እየተለማመድኩ ነው» ብዬ መለስኩላት። «አንተ ልጅ፣ ሠላሳውን ከዘለልክ በኋላ ነው እንዴ መጠጥ የምትለማመደው?» አለችኝ። ታናሽ እኅቴ ሳቀች፤ እናቴ ግን አልሳቀችም። ቢራ አለመኖሩን እንድታይ ብዬ አስገባኋት። ጠረጴዛው ላይ እንደ ካርታ የተደረደሩ ሁለት መቶ ያህል ቁራጭ ወረቀቶች ነበሩ። በእያንዳንዳቸው ላይ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚጫወት ሰው ስም ተጽፏል። አንዷን አንሥታ አገላብጣ አየችና «የማን ልጅ ነው?» አለች።

«አላውቅም እማዬ፤ ግን ባለፈው ዓመት ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ አውቃለሁ።»

«የማን ልጅ መሆኑን ሳታውቅ ደቂቃው ምን ያደርግልሃል?» ብላ ወረቀቷን ወደ ቦታዋ መለሰችና ወጣች።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ፋንታሲ ፉትቦል የሚጫወት ሰው ከእንግሊዝ ክለቦች 15 ተጫዋቾች መርጦ የራሱን ቡድን ያቋቁማል፤ 2 ግብ ጠባቂ፣ 5 ተከላካይ፣ 5 አማካይ፣ 3 አጥቂ። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ለየክለባቸው ሲሮጡ ሳያውቁት ለእሱም ይሮጣሉ። አጥቂው ቢያገባ 4 ነጥብ ያገኛል፣ አማካዩ ቢያገባ 5፣ ተከላካዩ ቢያገባ 6። ለግብ የሆነ ኳስ ማቀበል 3 ነጥብ ነው፤ ቢጫ ካርድ አንድ ያጎድላል። ብዙው ሰው የሚጫወተው የገበያ ዓይነቱን ነው። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ 100 ሚሊዮን የሐሳብ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ተጫዋቹ ሁሉ ዋጋ ተለጥፎበታል፤ አቅም የፈቀደውን መግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024/25 የውድድር ዘመን ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው ተጫውቶታል። በዚህኛው ዓይነት ሞሐመድ ሳላህን እኔም፣ እርስዎም፣ ጎረቤትዎም በአንድ ጊዜ ልንይዘው እንችላለን።

ድራፍት ግን ሌላ ነው። ዋጋ የለም፣ ገንዘብ የለም፤ ያለው ወረፋ ነው። በየተራ ይመረጣል፤ አንዱ የወሰደውን ሌላው አያገኘውም። ሳላህ አንድ ነው፣ ለስምንት ሰው አይዳረስም። እኛ ደግሞ ስምንት ነን። እምድብር አንድ ትምህርት ቤት የተማርን፣ ዛሬ እዚህም እዚያም የተበተንን ሰዎች። አንዱ መርካቶ ይነግዳል፣ አንዱ ቡታጅራ ያስተምራል፣ አንዱ ሐዋሳ ባንክ ይሠራል፣ አንዱ ጆሃንስበርግ ሱቅ አለው፣ አንዱ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳል፤ አንዷ ነርስ ናት፤ አንዱ ወልቂጤ ባጃጅ ይነዳል፤ ስምንተኛው እኔ ነኝ። በየከተማው እንደ እንጉዳይ እንደፈሉት የውርርድ ቤቶች ገንዘብ አናስይዝም። በዓመቱ መጨረሻ ውራ የወጣ ሰው ለመስቀል አገር ቤት የተገኘነውን ሁሉ ክትፎ ያበላል። ቅጣቱ ቀላል ይመስላል፤ የክትፎን ዋጋ ለሚያውቅ ግን ቀላል አይደለም።

የተራው ዕጣ ሲወጣ ስምንተኛ ደረሰኝ። ወረፋው እንደ እባብ ይጠማዘዛል፤ በመጀመሪያው ዙር የመጨረሻ የሆነ ሰው ሁለተኛውን ዙር ይጀምራል። ስለዚህ 8ኛውንና 9ኛውን ሰው በተከታታይ እመርጣለሁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን እስከ 24ኛው ድረስ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። በመሐል 14 ሰዎች በሌሎች እጅ ይገባሉ። እንዲህ ያለ ዕጣ የደረሰው ሰው ካልተለማመደ ክትፎውን ከወዲሁ ቢያዝ ይሻለዋል።

*

ድራፍት የኛ ዘመን ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1936 የአሜሪካን ፉትቦል ክለቦች ፊላዴልፊያ ተሰብስበው ከኮሌጅ የሚወጡትን ተጫዋቾች በየተራ ተከፋፈሉ። ባለፈው ዓመት የተሸነፈው ቀድሞ ይምረጥ የሚል ሕግ ነበራቸው፤ ሀብታሙ ሁሉንም እንዳይጠቀልል። ያኔ ከሁሉ ቀድሞ የተመረጠው ጄይ በርዋንገር በዚያ ሊግ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ወደ ሌላ ሥራ ሄደ። የመጀመሪያው ድራፍት የመጀመሪያው ምርጫ ባዶ ሆነ ማለት ነው። በ1962 ደግሞ የኦክላንድ ሬይደርስ ክለብ ባለድርሻ የነበረው ቢል ዊንከንባክ ኒውዮርክ ሆቴል ውስጥ ከወዳጆቹ ጋር ተቀምጦ የፋንታሲውን ሕግ አወጣ፤ በ1963 ኦክላንድ ላይ የመጀመሪያውን ምርጫ አካሄዱ። እነሱም ስምንት ቡድን ነበሩ። እንግሊዞች በ1991 በአንድሪው ዌይንስታይን አማካይነት ለራሳቸው እግር ኳስ አስማሙት። ፕሪሚየር ሊጉ ራሱ በ2002 የገበያውን ዓይነት በኢንተርኔት ጀመረ፤ የድራፍቱን ዓይነት የጨመረው በ2017 ነው።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ነገርኩት። አጎቴ በእኛ ሰፈር ለመስቀል በሬ ሲታረድ ሥጋውን የሚደለድል ሰው ነው። ቅርጫ ያላየ አንባቢ ያለ አይመስለኝም፤ ሆኖም አዲስ አበባ ተወልዶ ሥጋን በኪሎ ብቻ የሚያውቅ ትውልድ ስላለ ልንገረው። በሬው በማኅበር ይገዛል። ከታረደ በኋላ ሥጋው በአባላቱ ቁጥር ልክ በመደብ ይከፈላል፤ ከጎድኑም፣ ከሽንጡም፣ ከጨጓራውም፣ ከአጥንቱም በየመደቡ ይገባል። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ቆርኪ፣ አንዱ ቅጠል፣ አንዱ ስንጥር። ምልክቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። የደለደለው ሰው የትኛው መደብ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ እጁ አያዳላም። ፍርድ ቤት የማያስፈልገው ፍትሕ ነው።

አጎቴ እስከ መጨረሻው ካዳመጠኝ በኋላ «መደቡን ማን ደለደለው?» አለኝ።

«ማንም አልደለደለም፤ በየተራ ነው የሚነሣው።»

«እንግዲያማ ቅርጫ አይደለም፤ ወረፋ ያለው ሽሚያ ነው» አለ። ቆይቶም «ሽሚያ ከሆነ ደግሞ ሥጋውን ብቻ አትይ፣ የሰዎቹን ዓይን እይ» ብሎ መከረኝ።

ልጆች ሳለን ቡድን የምንከፍልበት መንገድ ከሁለቱም የተለየ ነበር። የካልሲ ኳሳችንን ይዘን ሜዳ ስንወጣ ሁለት የቡድን አባቶች ይሾማሉ። የቀረነው እኩያ ከእኩያው እየተጣመርን ዞር ብለን የምሥጢር ስም እናወጣለን፤ ከዚያ ተቃቅፈን መጥተን «ጨረቃ ወይስ ፀሐይ?» እንላለን። አባትየው «ጨረቃ» ካለ ጨረቃ የተባለው ይደርሰዋል፣ ፀሐይ ወደ ሌላው ይሄዳል። በዚህ ዓይነት የሜዳው የመጨረሻ ልጅ ማን እንደሆነ በአደባባይ አይነገርም። ደካማውም ልጅ ሲጠራ ጨረቃ ተብሎ ነው የሚጠራው። ድራፍት ይህን ርኅራኄ አያውቅም። በድራፍት አንድ ሰው 1ኛ፣ አንድ ሰው 120ኛ ይሆናል፤ ከ120ው ውጭ የቀረውን ደግሞ ማንም ስሙን አያነሣውም።

*

ድራፍት መለማመድ ማለት ስምንቱንም ሰው ሆኖ ብቻን መጫወት ነው። በመርካቶው ቦታ ሆኜ እመርጣለሁ፣ ወረቀቷን አነሣለሁ፤ በነርሷ ቦታ ሆኜ እመርጣለሁ፣ አነሣለሁ፤ ራሴ ዘንድ ስደርስ የተረፈውን አያለሁ። አንድ ልምምድ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። መብራት ሲጠፋ በስልኬ ባትሪ እያበራሁ እጨርሰዋለሁ። በሐምሌ ወር ብቻ ከአሥር ጊዜ በላይ ተለማምጃለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ምሽቶች የሒሳብ ነበሩ። ስምንታችን ሁለት ሁለት ግብ ጠባቂ ስንወስድ 16 ይሆናል፤ ሊጉ 20 ክለብ አለው። ስለዚህ ለግብ ጠባቂ የሚጣደፍ ሰው ውሃ ለመቅዳት ወንዝ ዳር ወረፋ እንደሚጋፋ ሰው ነው። አጥቂ ግን ሦስት ሦስት ስንወስድ 24 ይደርሳል፤ አብዛኛው ክለብ ደግሞ ዛሬ የሚያሰልፈው አንድ አጥቂ ነው። ለ20 ወንበር 24 ፈላጊ ማለት ነው። በዚህ የተነሣ ሰማይ የነካ አማካይ ትቶ መካከለኛ አጥቂ ማንሣት የሚሻልበት ጊዜ አለ። አማካዩ ቢያመልጥ ተመሳሳዩ ይገኛል፣ አጥቂው ካመለጠ ግን ከኋላው ያለው ተቀያሪ ነው። እናቴም እንሰቱን የምታየው እንዲሁ ነው። የትኛው ደረሰ ብቻ ሳይሆን ይህን ዛሬ ብነቅለው ለከርሞ ምን ይቀራል ትላለች።

ሒሳቡን ስጨርስ አጎቴ ያለው መጣ። የወረቀቶቹን ነገር አውቄዋለሁ፤ ያላወቅሁት የሰባቱን ሰዎች ዓይን ነው። የመርካቶው ለስም አይከፍልም፤ ሌላው ሲሯሯጥ ቆሞ ያያል፣ በመጨረሻ ርካሽ የመሰለውን ያነሣና ያተርፍበታል። የቡታጅራው መምህር አርሴናል ነው፤ ቡካዮ ሳካን ከሌላ ሰው ጋር ከሚያይ ክትፎውን ቢያበላ ይመርጣል። ባንከኛው ጥንቁቅ ነው፤ ሒሳቡን ብነግረውም ግብ ጠባቂ ቀድሞ ይወስዳል። የዋሽንግተኑ ቁጥር አዋቂ ነው፤ ደንበኛ እስኪመጣለት መኪናው ውስጥ ሆኖ የማያነበው የለም። የጆሃንስበርጉ ሱቁን ዘግቶ እስኪገባ ስለሚመሽ ዝርዝሩን ቀድሞ አስገብቶ ማሽኑ እንዲመርጥለት ይተዋል። ነርሷ ደግሞ አታላይ የጉዳት ዜና አይሸውዳትም፤ «የታፋ ጡንቻው በሦስት ሳምንት ይድናል» ሲባል «ክለቡ ይበል፣ ጡንቻው ግን አላለም» ትላለች።

ሰባተኛው የወልቂጤው ባጃጅ ነጂ ነው። እሱን ሆኜ ስለማመድ ሁልጊዜ ግራ እጋባ ነበር። ባለፉት ዓመታት የመረጣቸውን ዘርዝሬ ሳይ በየዓመቱ በሦስተኛው ዙር አንድ የግራ መስመር ተከላካይ ያነሣል። በሦስተኛው ዙር ጤነኛ ሰው የሚያነሣው አጥቂ ወይም አማካይ ነው። የግራ ተከላካይ በዘጠነኛውም በአሥረኛውም ዙር ይገኛል። የቡታጅራው ለፍቅር ሲል እንደሚስት አውቃለሁ፤ የዚህ ግን ምክንያቱ አልገባኝም። ልምምዱ የግድ አለኝና አንድ ቅዳሜ በአጣጥና በጉብርዬ አድርጌ ወልቂጤ ወረድኩ።

*

መናኸሪያው አጠገብ ባጃጁን አቁሞ አገኘሁት። ሻይ አዘዝንና ጠየቅሁት።

«አንተ ጋዜጠኛ ነህ አይደል?» አለኝ። «ከኋላ ሆኖ ዘጠና ደቂቃ የሚሮጠውን ማን ያየዋል? ቢያንስ በእኛ ጨዋታ ቀደም ብሎ ይጠራ ብዬ ነው።»

እኛ ሁላችንም የምናውቀውና የረሳነው ነገር ነበር፤ ይህ ሰው ተጫዋች ነበር። ከ2005 እስከ 2007 ዓ.ም. ያኔ ብሔራዊ ሊግ ይባል በነበረው ውድድር ለአንድ ክለብ በግራ ተከላካይነት ተጫውቷል። የክለቡን ስም አልጠራም፤ እሱም አይጠራውም። ደመወዝ ለወራት ሲቋረጥና ጉልበቱ ሲታመምበት ትቶ ወጣ።

በዚያ ሰሞን ፋንታሲው ሕግ ጨምሮ ነበር። ከ2025/26 የውድድር ዘመን ጀምሮ አንድ ተከላካይ በአንድ ጨዋታ ኳስ በማራቅ፣ በመከለል፣ በማቋረጥና በመንጠቅ በድምሩ 10 ጊዜ ከሠራ 2 ነጥብ ያገኛል። ይህን ስነግረው ፊቱ በራ። «እሱንም ይቆጥራሉ?» አለ። አዎን፣ እያንዳንዷን ይቆጥራሉ። ለንደን ላይ አንድ ተከላካይ በጭንቅላቱ ገጭቶ ያወጣት ኳስ ሳትረሳ ተመዝግባ እምድብር እናቴ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትደርሳለች።

ሻዩን እያማሰለ ቆየና «እኔን በስንተኛ ዙር ትመርጠኝ ነበር?» አለኝ።

ስለ ሁለት መቶ ሰዎች ይህን ብጠየቅ ሳልተነፍስ እመልሳለሁ። አብሬው የካልሲ ኳስ የጠፈጠፍኩት፣ ጨረቃ እኔ፣ ፀሐይ እሱ ሆነን የተጣመርነው ልጅ ግን በስንተኛ ዙር እንደሚገባ የምመዝንበት ነገር አልነበረኝም። «ስንት ጨዋታ ተጫውተሃል?» አልኩት። «እንጃ» አለ።

ነገሩን የእሱ ብቻ አድርጌ ማየት አልፈለግሁም። ወልቂጤ በኳስ የማትታማ ከተማ ናት። ሠራተኞቹ በሚል ቅጽል የሚጠራው ወልቂጤ ከተማ ክለብ በ2011 ዓ.ም. ከሰበታ ከተማና ከሀዲያ ሆሳዕና ጋር ወደ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። የመጀመሪያ ዓመቱ በኮሮና ምክንያት ተቋረጠና ውድድሩ ተሰረዘ። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድና በዲኤስቲቪ ሲተላለፍ፣ የወልቂጤ ሰው ክለቡን የሚያየው አርሴናልንና ማንችስተርን በሚያይበት ቤት፣ በዚያው ቴሌቪዥን፣ በዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነ። ጥር 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ባፉሳም ላይ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ከቡርኪና ፋሶ 1 ለ 1 ስትወጣ የኛን ግብ በፍጹም ቅጣት ምት ያስቆጠረው ጌታነህ ከበደ ነው። የዋልያዎቹ አምበል በዚያን ጊዜ የወልቂጤ ከተማ ተጫዋች ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ክለቡ ከፕሪሚየር ሊጉ ወጣ።

እዚያው ሻይ ቤት ወረቀት ቀደድንና ሁለታችን ብቻ የኢትዮጵያ ሊግ ድራፍት ሞከርን፤ የ2014ቱን ዓመት ይዘን። ጌታነህ መጀመሪያ ተነሣ። አራት አምስት ዙር ያለ ችግር ሄድን፤ ግብ ያገባ ሰው ስሙ አይጠፋም፣ ቴሌቪዥኑም፣ የኛ የስፖርት ጋዜጠኞችም የሠሩት ሥራ አለ። ተከላካዮቹ ዘንድ ስንደርስ ግን ክርክር ተነሣ። እሱ «ይህ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ተጫውቷል» ይላል፣ እኔ «ግማሹን ተጎድቶ ነበር» እላለሁ፤ ዳኛ የሚሆነን ቁጥር ከሁለታችንም ዘንድ የለም። ወደ ታችኛው ሊግ፣ ወደ እሱ ዘመን ስንወርድማ ወረቀቱ ባዶ ሆነ። ሁለት የኳስ ሰዎች ቁጭ ብለን የበርንማውዝን ተቀያሪ በስም እየጠራን፣ የአገራችንን አንድ መስመር መሙላት አቃተን።

*

የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ለብዙ ነገር አልጠቀመኝም፤ ለዚህ ግን ይጠቅመኛል ብዬ ተነሣሁ። የአንድን ሰው ሦስት ዓመት ፈልጎ ማግኘት ያን ያህል ከባድ አይሆንም አልኩ። አብሮት የተጫወተ አንድ አማካይ አገኘሁ፤ ዛሬ የግንባታ ዕቃ ይሸጣል። እሱ ጨዋታዎቹን የሚያስታውሰው በአውቶቡስ ነው፤ «ጎማ የፈነዳብን ቀን»፣ «ሾፌሩ ጥሎን የሄደ ቀን» እያለ። ጡረታ የወጡ አንድ ዳኛ ዘንድ ሄድኩ፤ «ግራ ተከላካዩን አስታውሰዋለሁ፤ ጥፋት ሲሠራ ራሱ እጁን ያነሣ ነበር» አሉኝ። ደስ ያሰኛል፣ ግን በየትኛው ዓምድ ይገባል? ከእናቱ ዘንድ አንድ የቡድን ፎቶግራፍ ተገኘ፤ ከኋላ ረድፍ፣ ከዳር ቆሟል፣ ግማሽ ትከሻው ተቆርጧል። የክለቡ መዝገብ ቢሮ ሲቀየር አብሮ የሄደ ይሁን የቀረ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ሁሉን ሰብስቤ ስደምረው ከ30 የማያንስ፣ ከ40 የማይበልጥ ጨዋታ ተጫውቷል። ያገባው አንድ ግብ ነው፤ በዚህ ሁሉም ይስማማል። ስንት ኳስ እንዳቋረጠ ግን ሰማይ ነው የሚያውቀው።

ይህን ይዤ ተመለስኩና «ዘጠነኛ ዙር» አልኩት።

«በየትኛው ማስረጃ?»

ዝም አልኩ።

«በወዳጅነት ከሆነ ተወው» አለኝ። «እኔ የጠየቅሁህ ድራፍት ነው።»

ይህን ሲል ቂም አልነበረበትም። ሆኖም ወደ እምድብር ስመለስ መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ድራፍት ጨካኝ ነው ብዬ ነበር፤ መጨረሻ የሚጠራ ሰው ስላለበት። እዚህ ጋ ግን የመጨረሻ መሆን ራሱ የታወቀ ሰው ዕድል ሆነ። 120ኛ የሚሆነው ሰው ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ ተጽፎለታል፤ ለዚህም ነው ከ119ኛው የሚያንሰው። ወዳጄ ግን ከማንም አያንስም፣ ማንንም አይበልጥም። ለማነጻጸር እንኳ አልተጻፈም። እናቴ «የማን ልጅ ነው?» ብላ ነበር የጀመረችው። የማን ልጅ እንደሆነ በሚገባ የማውቀውን ሰው ደቂቃውን አላገኘሁለትም።

*

ድራፍቱ የተካሄደው ሊጉ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት ባለው ሳምንት ነው። እኛ ዘንድ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ጆሃንስበርግ 3 ሰዓት፣ ዋሽንግተን ከቀኑ 9 ሰዓት። ስምንታችንም በአንድ ጊዜ የምንገናኝባት የዓመቱ ብቸኛ ሰዓት ናት፤ ስለዚህ ግማሹ ጊዜ ያለፈው «ልጆቹ እንዴት ናቸው?» በመባባል ነው። የጆሃንስበርጉ በዚያ ምሽት ሱቁን ቀደም ብሎ ዘግቶ ራሱ መረጠ፤ ይህ በልምምዴ አንድም ጊዜ ያልገጠመኝ ነገር ነበር።

አንደኛ ዕጣ የወጣለት የቡታጅራው መምህር ሁላችንንም አስገርሞ ሳካን ትቶ ሳላህን ወሰደ። ሳላህ ባለፈው የውድድር ዘመን 344 ነጥብ ሰብስቦ የፋንታሲውን የምንጊዜም ክብረ ወሰን የሰበረ ሰው ነው፤ በተከታዮቹ ወራት ግን የቀድሞው ሳላህ አልሆነም። የዋሽንግተኑ ኧርሊንግ ሃላንድን አነሣ። እኔ ዘንድ ሲደርስ በልምምድ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ብሩኖ ፈርናንዴዝና ብራያን ምቤሞ ቀርተው ጠበቁኝ፤ ሁለቱንም ወሰድኩ። ነርሷ በስድስተኛው ዙር አንቷን ሴሜንዮን ስታነሣ ማንም ልብ አላለም። በመክፈቻው ምሽት ሊቨርፑል በርንማውዝን 4 ለ 2 ሲረታ ሁለቱን የበርንማውዝ ግቦች ያገባው እሱ ነበር።

ሦስተኛው ዙር ላይ ተራው የባጃጅ ነጂው ሆነ። «ማርክ ኩኩሬያ» አለ። የቼልሲ ግራ ተከላካይ ነው። በየዓመቱ በዚህ ሰዓት ሳቅ ይነሣ ነበር። ሌሎቹ ምን እንደተሰማቸው እንጃ፤ በዚያ ምሽት ግን ማንም አልሳቀም። መርካቶው ብቻ «ጥሩ ዋጋ ነው» አለ፤ ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ድራፍቱ ሲያልቅ ወረቀቶቹን ሰብስቤ በላስቲክ አሰርኳቸው። ክረምቱ ግን ገና አላለቀም ነበር። እምድብር ሜዳ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች የሰፈር ለሰፈር ውድድር ያደርጋሉ። ከሱቅ አንድ ባለ መስመር ደብተር ገዛሁና ዓምድ አሰመርኩበት፤ ስም፣ ሰፈር፣ ደቂቃ፣ ግብ፣ ያቀበለው፣ ያራቀው፣ ያቋረጠው፣ የነጠቀው። ባጃጅ ነጂው እሑድ እሑድ ከወልቂጤ እየመጣ ተከላካዮቹን ይቆጥርልኛል፤ እኔ የፊቶቹን እይዛለሁ። ዝናብ ሲመጣ ደብተሩን በፌስታል እንሸፍናለን። ሁለት ሰው የሠራው መዝገብ ነው፣ ሁለት ሰው የሚያህል ነው።

በሁለተኛው እሑድ ጨዋታው ካለቀ በኋላ አሥራ አራት ዓመት የሚሆነው፣ ጫማው በገመድ የታሰረ አንድ ልጅ ቀስ ብሎ መጣና ከኋላችን ቆመ። ቡድኑ 3 ለ 0 ተሸንፏል። «ጋሼ፣ እኔም አለሁበት?» አለ። ባጃጅ ነጂው ደብተሩን ገልብጦ መስመሩን በጣቱ አሳየው። ልጁ አጎንብሶ ከግራ ወደ ቀኝ አነበበ፤ 70 ደቂቃ፣ ግብ የለም፣ ያራቀው 6፣ ያቋረጠው 3፣ የነጠቀው 2። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ደመረ። «አሥራ አንድ» አለ፤ ከዚያ ሌላ ምንም ሳይናገር ሮጦ ሄደ።

በሚቀጥለው እሑድ ገና ኳሱ ሳይጀመር አምስት ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ፤ ደብተሩን ሊያሳያቸው።